ላንጋኖ ላይ ሃያ አንድ

አባቴ ደጋግሞ የሚያወራልን የመሥሪያ ቤታቸው የላንድሮቨር ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ሞጆ ላይ ሳይቆም አያልፍም አሉ። መኪናዋን ጥግ ያስይዝና ኮፈኑን ከፍቶ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ያዞራታል። ጆሮውን ዘንበል አድርጎ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፣ ደግሞ ያዞራታል። ሲመለስ ደብረ ዘይት ላይ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ይመልሳታል። የተሳፈሩት ሹማምንት ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «አየሩ ተቀየረ»።

ሰውየው ትክክል ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ላንጋኖ ግን ወደ 1,580 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነ ወደዚያ የሚወርድ ሞተር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር እየበዛ ይሄዳል። ካርቡሬተር ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አዲስ አበባ ላይ በለካው ቀዳዳ ያንኑ ቤንዚን ያፈስሳል። ቤንዚን በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ለ1 ግራም 14.7 ግራም አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ሞተር ይነጥባል፣ ይግላል። ሲያንስ ደግሞ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የሞጆዋ ብሎን ሥራ ይህን ማስታረቅ ነበር።

አባቴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመን የመጣች ያገለገለች ኮሮላ ሲገዛ ግን ያ ሁሉ ጣጣ ቀረ። እኔ ገና ጢሜ ያላቀመቀመ ልጅ ነበርኩ። ሻጩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያሳየን ካርቡሬተር የለም። በምትኩ ቤንዚን የሚረጩ አራት አፍንጫዎች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከሞተሩ ወደ ማርሚታው በሚወርደው ቱቦ ላይ ደግሞ ጅራቷ ሽቦ የሆነ ካንዴላ የምትመስል ነገር አለች። «ይቺ ኦክስጅን ሴንሰር ናት» አለን። ስለሷ ያወቀው ስሟን ብቻ ነበር።

ኋላ እኔው ራሴ ከዚህ ሙያ እንጀራ ስበላ ነው ሥራዋ የገባኝ። ውስጧ ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ የተሠራ፣ ሁለቱም ገጹ በስሱ ፕላቲነም የተለበጠ ሸክላ አለ። የውጭ ገጹ ከሞተር የሚወጣው ጭስ ውስጥ ይቆማል፣ የውስጥ ገጹ ደግሞ ንጹሕ አየር ያገኛል። በሁለቱ ወገን ያለው ኦክስጅን ሲለያይ ሸክላው ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ከጠፋ፣ ማለትም ቤንዚን ከበዛ፣ ወደ 0.9 ቮልት ይደርሳል። ኦክስጅን ከተረፈ ወደ 0.1 ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ስለዚህ ደህና ሴንሰር አንድ ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። 0.45ን መሐል አድርጎ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ይህን ነገር ቦሽ የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበው። መጀመሪያ የገጠመውም ቮልቮ ነው፣ ለካሊፎርኒያ በሚላኩ መኪኖቹ ላይ። የሞጆውን ብሎን የሚያዞረው ሰው ሥራ ወደ አንዲት ጣት የምታህል ሸክላ ተዛወረ ማለት ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ሸክላው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ካልጋለ ሥራ አይጀምርም። ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ጭሱ ብቻውን አያግለውም። ለዚህ ሲባል በኋላ የመጡት ሴንሰሮች ውስጥ ማሞቂያ ተቀበረላቸውና የሽቦዎቹ ቁጥር ከአንድ ወደ አራት ከፍ አለ። ይህች ማሞቂያ ነች ላንጋኖ ላይ ጉድ ያፈላችው።

ያኔ ወደ ላንጋኖ መሄድ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ትልቅ ጉዳይ ነበር። የፍጥነት መንገድ የሚባል አልነበረም። በደብረ ዘይት፣ በሞጆ፣ በቆቃ፣ በመቂ፣ በዝዋይ አድርጎ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንዲቱ አስፋልት፣ ከከባድ መኪናና ከፍየል መንጋ ጋር እየተጋፉ ነው። እናቴ ዝዋይ ላይ ዓሣ ካልገዛን ብላ ከአባቴ ጋር ትከራከራለች። አባቴ «ሐይቅ ዳር እየሄድን ዓሣ ተሸክመን እንገባለን?» ይላል፤ ዓሣው ግን ይገዛል። ቡልቡላን ካለፍን በኋላ በስተግራ የአሉቶ ተራራ ይታያል፤ የከርሰ ምድር እንፋሎቱ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። ከዚያ ከአስፋልቱ ታጥፈን ወደ ሐይቁ ወደሚያወርደው ኮረኮንች እንገባለን።

ችግሩ የጀመረው እዚያ ኮረኮንች ላይ ነው። መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ አባቴ በአንደኛ ማርሽ እያዘገመ፣ ክሩስኮቱ ላይ የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫ መብራት በራ። ጥቂት ቆይቶ የቤንዚን ሽታ ገባ። ሐይቁ ዳር ደርሰን ስንቆም ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ያቃስታል፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ጠቁሯል። እናቴ «ይፈነዳል እንዴ?» አለች። እህቴና እኔ ግን ቢፈነዳም ባይፈነዳም ወደ ውሃው መሮጥ ነበር የፈለግነው። የላንጋኖ ውሃ ሻይ በወተት የመሰለ ቡናማ ነው፣ ገብተህ እግርህን አታየውም። ሆኖም ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ወላጆች ልጆቻቸውን ሳይሳቀቁ የሚለቁበት ሐይቅ እሱ ነበር። እህቴ ሮጠች። እኔን አባቴ ያዘኝ፤ «አንተ ቁም፣ ዕቃ ታቀብላለህ»።

ያረፍንበት ቦታ ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት፣ እኛም ጋሼ አልነው። ከመንገዱ ማዶ በአቢጃታ ሐይቅ ዳር ባለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሠርቶ የወጣ ሰው ነው። ስለ መኪና ብዙ አውቃለሁ አላለም። አባቴ «መካኒክ ነዎት?» ሲለው «አይደለሁም፤ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን የትም ቢሄድ ያው ኤሌክትሪክ ነው» አለ። ይህ መልስ አባቴን ያጽናናው አይመስለኝም፣ ግን ከዝዋይ ወዲህ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጋሼ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ማየት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ከባትሪው አጠገብ ክዳን ያላት፣ ከክብሪት ቤት ጥቂት የምትበልጥ ጥቁር ሳጥን አገኘ። ክዳኗን ሲገልጠው በውስጥ በኩል የቀዳዳዎቹ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አውጥቶ ጫፍና ጫፉን ላጠ። አንዱን ጫፍ «ቲ-ኢ-ዋን» በሚለው፣ ሌላውን «ኢ-ዋን» በሚለው ቀዳዳ አስገባ። «ቁልፉን ክፈት፣ አታስነሳ» አለው አባቴን። እኔን ደግሞ ክሩስኮቱ ላይ አፍጥጬ የማየውን እንድነግረው አዘዘኝ።

ቢጫው መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ፣ ፋታ ወሰደ፣ አንዴ ብልጭ አለ። ረዘም ያለ ዝምታ። እንደገና ሁለት፣ ፋታ፣ አንድ።

«ሃያ አንድ» አለ ጋሼ። የፋብሪካውን ቶዮታ ፒክአፖች ሲጠግኑ አይቶ ነው ዘዴውን የተማረው። የቁጥሮቹን ትርጉም እነዚያው መካኒኮች በሰጡት ባለ ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ጽፎ አስቀምጧል። ደብተሩን አምጥቶ በጣቱ ተከትሎ አነበበ፤ ሃያ አንድ፣ የኦክስጅን ሴንሰር መስመር። በዚያ ዘመን የነበሩ ቶዮታዎች ስካነር የሚባል ነገር ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው በመብራት ይናገሩ እንደነበር ዛሬ ለወጣት መካኒኮች ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል። ምንም ጥፋት ከሌለ መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ይርገበገባል። ጥፋት ካለ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ይቆጥራል። በቃ ይኸው ነው።

አባቴ «ታዲያ ሴንሰሯ ሞታለች ማለት ነው» አለ። ሶማሌ ተራ ስንት ትሆን ይሆን፣ ትገኝስ ይሆን እያለ ማስላት ጀመረ። ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «ደብተሩ ሴንሰሩ ሞቷል አላለም፤ መስመሩ ነው ያለው። መስመሩ ከኮምፒውተሩ ይነሳል፣ በሽቦ ይሄዳል፣ ሶኬት ያልፋል፣ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል፣ ይመለሳል። እዚህ መሐል የትም ቢቋረጥ ቁጥሩ ያው ሃያ አንድ ነው።» ይህን ንግግር ቃል በቃል አስታውሳለሁ ማለቴ አይደለም። ሐሳቡን ግን ከዚያ በኋላ በተማርኩበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ የነገረኝ መምህር አላገኘሁም።

አባቴ ለጊዜው መብራቱን ብናጠፋውና ብንመለስስ ብሎ ጠየቀ። ይቻላል፤ ኢ.ኤፍ.አይ. የሚለውን ፊውዝ ነቅሎ ከ10 ሰከንድ በላይ መጠበቅ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ይረሳል። ጋሼ ግን ፊውዙን ሊያስነካ አልፈቀደም። «የጻፈውን ሳናነብ አናጠፋም።»

ቀጥሎ ባለ መርፌ ቴስተሩን አመጣ። ከፋብሪካው ሲወጣ በስጦታ የተሰጠው ነው፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የያዘው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን፤ እናቴ ዓሣውን በዚያው አስጠበሰች፣ በላን። ከዚያ ጋሼ የሴንሰሯን ሶኬት ነቀለ። ከሴንሰሯ የሚወጡት ሽቦዎች ሁለት ጥቁር፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ነጭ ናቸው። ደብተሩ ላይ ይህ አልተጻፈም። «ሁለት የሚመሳሰሉ ካሉ እነሱ ማሞቂያው ናቸው» አለ። ማሞቂያ የትኛው ጫፉ ወዴት ቢገባ ግድ የለውም፣ ስለዚህ አምራቹ ቀለማቸውን መለየት አላስፈለገውም ብሎ ገመተ። ግምቱ ትክክል እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ፤ በዴንሶ ሴንሰሮች ላይ ጥቁሮቹ የማሞቂያው ናቸው፣ ሰማያዊው መልእክቱን ያመጣል፣ ነጩ የመልእክቱ መመለሻ ነው።

በሁለቱ ጥቁሮች መካከል ለካ። መርፌው ጥቂት ኦም አሳየ። ማሞቂያው አልተቃጠለም። ተቃጥሎ ቢሆን መርፌው ከቦታው አይነቃነቅም ነበር። እንደ ሞዴሉ ከ5 እስከ 16 ኦም የሚያሳይ የቶዮታ ማሞቂያ ደህና ነው። ጋሼ ግን ይህን መጠን አያውቅም፤ «ከፋብሪካ ምድጃ ያነሰ፣ ከአምፖል የሚቀራረብ፣ ደህና ነው» ብሎ አለፈ። አባቴ ፊቱ በራ፤ ሴንሰር መግዛት ቀረ።

ቀጥሎ ከመኪናዋ በኩል ባለው የሶኬት ግማሽ ላይ ቁልፉን አስከፍቶ ለካ። 12 ቮልት መምጣት ነበረበት። ምንም የለም። ጋሼ ፈገግ አለ። ሥራው በዚህ ነጥብ ላይ እንዳለቀ ኋላ ነው የገባኝ፤ የቀረው መፈለግ ብቻ ነው። በአንድ ወገን ደህና ማሞቂያ አለ፣ በሌላ ወገን ኤሌክትሪክ አልመጣም። ሞተሩ እየሠራ ስለሆነ ዋናው ፊውዝ አልተቃጠለም። ስለዚህ በፊውዙና በሶኬቱ መካከል ሽቦው ተቋርጧል።

ሽቦውን በጣቶቹ እየዳበሰ ወደ ኋላ ተከተለው። ከጭስ ማውጫው ቱቦ በላይ፣ ሙቀቱ በሚያርፍበት ቦታ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ እብጠት አገኘ። ናስትሮው ቀልጦ ጠጥሯል። ሲፍቀው ውስጡ ሁለት ሽቦዎች ተጠማዘው ብቻ ተያይዘው ነበር፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ጥቂት ሲነካው ተለያየ። ማን እንደሠራው አይታወቅም። ጀርመን ይሁን፣ ጅቡቲ ይሁን፣ አዲስ አበባ፣ መኪናዋ ብዙ እጅ አይታለች። አስፋልት ላይ ለዓመታት ቆይቶ የላንጋኖን ኮረኮንች ግን አልቻለም። «ፋብሪካም እንዲህ ነበር» አለ ጋሼ፣ «ሞተር አይደለም የሚሞትብን፣ መገናኛው ነው። የሶዳው ብናኝ እርጥበት ካገኘ መገናኛ ይበላል።»

ጄኔሬተሩ የሚነሳው ሲመሽ ብቻ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መበየጃ የለም። ጋሼ እጀታው እንጨት የሆነ የመዳብ ብረት አምጥቶ ዓሣው በተጠበሰበት የግራር ከሰል ውስጥ ቀበረው። እስኪግል መዳቡን በቢላዋ ጫፍ እየፋቀ አነጣው። ሽቦዎቹን አጣምሮ በቆርቆሮ በየዳቸው። አባቴ ናስትሮ ሲያቀብለው አልተቀበለም። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ካውያ ገመድ ያወለቀውን የጨርቅ ሽፋን አለበሰውና ከቱቦው አርቆ በሽቦ አሰረው። እሳት አጠገብ ለሚውል ሽቦ የካውያ ገመድ ሽፋን ማልበስ ቀላል ብልሃት ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ጋራዦች ውስጥ ይህን ያሰበ ሰው ብዙም አላየሁም፣ ሁሉም እጁ ወደ ናስትሮ ነው የሚሄደው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጋሼ የበየደው ከሶኬቱ ወደ መኪናዋ ባለው ወገን እንጂ ወደ ሴንሰሯ በሚሄደው አጭር ገመድ ላይ አልነበረም፤ የተበጠሰው እዚያ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ዕድል ነው። ብዙ ሴንሰሮች ለውስጥ ገጻቸው የሚያስፈልጋቸውን ንጹሕ አየር የሚያገኙት በራሳቸው ሽቦ ክሮች መካከል ባለው ክፍተት በኩል ነው። በዚያ ወገን ቆርቆሮ ቢፈስበት ወይም ግራሶ ቢቀባ አየሩ ይዘጋል፣ ሴንሰሩ ሳይታመም መዋሸት ይጀምራል። አምራቾች «በሴንሰሩ ወገን አትበይዱ፣ በመቆንጠጫ አያይዙ» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ መበየጃ ባነሳሁ ቁጥር ጋሼ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ፊውዙን ነቅሎ ትውስታውን አጠፋ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጋለ። አባቴ ነዳጁን ረግጦ ጥቂት ደቂቃ በ2,500 ዙር ያዘው። ጋሼ ቁራጭ ሽቦዋን ወደ ቀዳዳዎቿ መልሶ የቴስተሩን መርፌ «ቪ-ኤፍ-ዋን» በሚለው ሌላ ቀዳዳ ላይ አኖረ። መርፌው መወዛወዝ ጀመረ፤ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። የቶዮታ መመሪያ በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜና ከዚያ በላይ መወዛወዝ አለበት ይላል። እኔ ጮክ ብዬ ስቆጥር ጋሼ ሰዓቱን ይመለከት ነበር፣ አልፈነዋል። መኪናዋ የላንጋኖን አየር አወቀችው።

አባቴ ገንዘብ ሲያወጣ ጋሼ «የከሰሉን ብቻ» አለ። ከሰሉ ደግሞ የእኛው ነበር፣ ዓሣ የጠበስንበት። አባቴ ይህን ቀልድ እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር።

ያ ሴንሰር ግን ዕድሜው አልረዘመም። በዚያ ዘመን የምንቀዳው ቤንዚን እርሳስ ነበረበት። እርሳስ የሴንሰሩን ፕላቲነም ይሸፍነዋል፣ ከሱ በታች ያለውን፣ ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ደግሞ ያንቀዋል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ አዲስ የቤንዚን መኪና ያለ ካታላይዘር አልሸጥም ስትል እዚያ እርሳስ አልባ ቤንዚን ነበር። እነዚያው መኪኖች አርጅተው ወደኛ ሲመጡ ግን መርዛቸውን ነው የቀዳንላቸው። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እርሳሱን እስከ 2005 መጨረሻ ለማስወገድ ወሰኑ። ከዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። እርሳሱ እስኪቀር ድረስ ጋራዦቻችን የታፈነ ካታላይዘር ሲያጋጥማቸው ቆርጠው በባዶ ቱቦ ይበይዱት ነበር። ይህን በማድረጋቸው ልወቅሳቸው አልችልም፤ መኪናው ዳገት አልወጣም ብሎ ባለቤቱ በር ላይ ቆሟል። ልማዱ ግን እርሳሱ ከቀረ በኋላም ቀጠለ፣ ዛሬ ደግሞ ካታላይዘሩን የሚቆርጠው ሰው ውስጡ ያለውን ውድ ማዕድን ለመሸጥ ነው።

እኔ አዳማ ጋራዥ ስቀጠር ዘመኑ የስካነር ሆኖ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት የጥፋት ቁጥር እንዲኖረው አስገድዳለች፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪኖች በ2001 ተከተለች። ሃያ አንድ የነበረው አሁን ተከፋፍሏል። ፒ 0130 መስመሩ በጥቅሉ ልክ አይደለም ይላል። ፒ 0131 ቮልቱ ወርዶ ቀረ፣ ፒ 0132 ወጥቶ ቀረ፣ ፒ 0133 ሲወዛወዝ ዘገየ፣ ፒ 0134 ጭራሽ አልተነቃነቀም፣ ፒ 0135 ማሞቂያው ነው። በጋሼ ደብተር ላይ አንድ መስመር የነበረውን ስድስት አደረጉት። ሥራው ግን በዚያው ልክ ቀለለ ማለት አይደለም። ስካነሩ ላይ «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ቁጥሩን ማንም አያነብም። ሁለቱን ቃላት አይቶ ደንበኛውን መለዋወጫ ግዛ ብሎ መላክ ልማድ ሆነ።

ከእነዚህ ሁሉ ፒ 0133 ነው ብዙውን ጊዜ ሴንሰሩ ራሱ አርጅቷል የሚለው። ፒ 0135 የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፣ ከፊውዝ ይጀመራል። ፒ 0131 ደግሞ ሴንሰሩ እውነቱን ስለተናገረ የሚባረርበት ነው። አዳማ ላይ ማርሚታ ብየዳው ያልተሰነጠቀ አሮጌ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ከሴንሰሩ በላይ ባለው ቱቦ ላይ ስንጥቅ ካለ ከውጭ አየር ይገባል፣ ሴንሰሩ ትርፍ ኦክስጅን አየሁ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል። ሰውየው አዲስ ሴንሰር ያስገጥማል፣ አዲሱም ያንኑ ይላል። በዚህ መንገድ ሁለት ሴንሰር ገዝቶ ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል እኛ ጋ የመጣ የታክሲ ባለቤት አውቃለሁ። ስንጥቁ በሳሙና አረፋ ታየ፣ በዚያው ዕለት ተበየደ።

ሌላዋ የማልረሳት መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላት ቪትዝ ናት። አገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ ነው የምትነዳው፤ ለጃፓን መንገድ የተሠራች መኪና እኛ ጋ ለመምጣት መሪዋ መነቀል ነበረበት። መሪው ሲዛወር ክሩስኮቱ ይፈታል፣ ሽቦው ሁሉ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል። ቪትዟ ፒ 0135 ትላለች፣ ሴንሰሯ አዲስ ነው፣ ሶኬቷ ጋ 12 ቮልት አለ። ማንም አልገባውም። ሴንሰሩ ተሰክቶ ሞተሩ እየሠራ ስንለካው ግን 12ቱ ወደ 4 ይወርዳል። ክሩስኮቱ ሥር ሽቦው ከብዙ ክሮች መካከል በአንዲት ክር ብቻ ተያይዞ ነበር። ባዶውን ሲለካ ቮልት ያሳያል፣ ሥራ ሲሰጠው ይደክማል። ጋሼ ቢኖር ባለ መርፌ ቴስተሩን ሳያወጣ በፊት በአምፖል ይሞክረው ነበር ብዬ አስባለሁ። ኤሌክትሪክ መኖሩን ሳይሆን መሥራት መቻሉን ማየት የፋብሪካ ሰው ልማድ ነው።

ላንጋኖን ባለፈው ዓመት አየኋት። አሁን ሰው እዚያ የሚደርሰው በሰፊው መንገድ ነው፣ ሞጆ ላይ የሚያቆመው ምክንያት የለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ከሐይቁ ዳር ከሚቆሙት መካከል ጭስ ማውጫ የሌላቸው በርክተዋል። ጋራዣችን ግን ሥራ አላጣም። ያሉት መኪኖች ካለፈው ይልቅ ውድ ስለሆኑ ባለቤቶቻቸው ከመጣል ማስጠገንን መርጠዋል፣ የሴንሰር ዋጋም ያንኑ ተከትሎ ወጥቷል።

ከሁሉ ያስገረመኝ አዳዲሶቹ ቶዮታዎች ናቸው። ፊተኛው ሴንሰራቸው የድሮው አይደለም፣ ከ0.1 እስከ 0.9 መወዛወዝ አያውቅም። ቤንዚን በዛ ወይም አነሰ ብቻ ሳይሆን በስንት እንደበዛ ጭምር የሚናገር ሌላ ዓይነት ነው። መስመሩን ኮምፒውተሩ ራሱ በአንዱ ሽቦ 3.3፣ በሌላው 3 ቮልት ገደማ አድርጎ ይይዘዋል። ባለፈው ሰሞን አንድ ተለማማጅ እንዲህ ያለ ኮሮላ ላይ ለክቶ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል። 3.3 ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ አይወርድም አይወጣም።»

ዕድሜ አይዋሽም፣ እኔም ጋሼ ተብያለሁ። «ሶኬቱን ንቀልና ከመኪናው በኩል ለካ» አልኩት።

ሄዶ ለካና ተመለሰ። «ያው 3.3 ነው።»

«ሴንሰሩ የት አለ?»

እጁ ውስጥ የያዘውን ሶኬት ተመለከተ። «ነቅዬዋለሁ» አለ። ጥቂት አሰበና የሽቦውን ሥዕል ለመፈለግ ስልኩን አወጣ።